ሰናይትና ሦስቱ ማፈሻዎች

የሰናይትን ሞት የሰማሁት በርበሬ ወፍጮው አጠገብ ቆሜ ነው። ሠራተኛዬ ሙዘይን ስልኩን እንደያዘ መጣና፣ «ጋሼ፣ የመምህሩ ልጅ አዲስ አበባ ላይ አረፈች አሉ» አለኝ። «ኢንና ሊላሂ» አልኩ። ዓይኔ ሲያነባ ያየች አንዲት ደንበኛ «ምን ሆኑ አባባ?» ብትለኝ «በርበሬው ነው» አልኳት። ዋሸሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በርበሬ ስፈጭ ዓይኔ አንድ ቀን አንብቶ አያውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀመጥ አቅቶኛል። ወፍጮ ቤት እገባለሁ፣ እወጣለሁ። እሷ ትሠራበት የነበረው ክፍል በር ድረስ እሄድና እመለሳለሁ። ልጆቼ «አረፍ በል እንጂ» ይሉኛል። እንዴት ይታረፋል? እሷም እኮ አታርፍም ነበር። ይሄ አለማረፍ ከእሷ ተጋብቶብኝ ይሆናል። እጄ ሥራ ሲያጣ ልጻፈው አልኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አላየሁም። ያስቆጠረኝ ደግሞ የእሷ አባት ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የመምህሩ አይደለም።

አባቷ ከጎጃም መጥቶ እዚህ ቡታጅራ ያስተማረ፣ እዚሁ ያገባ፣ እዚሁ የተቀበረ ሰው ነው። ሰናይት አንድ ልጁ ናት። ተምራ አዲስ አበባ ሥራ ያዘች ሲባል እሰማ ነበር። አንድ ቀን እናቷ እትዬ አስካለ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ አልጋ ላይ ቀሩ። ሳምንት ሳይሞላ ልጅቱ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። በነጋታው ወፍጮ ቤቴ በር ላይ ቆመች። ረጅም፣ ቀጭን፣ የአባቷን አሮጌ ኮት የደረበች።

«ጋሽ ሸምሱ፣ ከጀርባ ያለውን ክፍል ያከራዩኛል?»

«ያንን? ወፍጮው ሲነሳ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ሰው አይሆነውም።»

«መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ያስነሳሉ አይደል?»

«አስነሳለሁ።»

«በቃ፣ ይሆነኛል።»

ቤታቸው ከመንገዱ ማዶ ነው። አዳሯ እናቷ ዘንድ፣ ውሎዋ እኔ ዘንድ ሆነ። ውሎዋ ስል ግን ተቀምጣ የዋለች እንዳይመስላችሁ። ትንሽ ኮምፒውተሯ ላይ ታጎነብስና ድንገት ብድግ ብላ ትወጣለች። ግቢው ውስጥ ያለችውን አቮካዶ ትዞራለች። ኮቷ ኪስ ውስጥ ቆሎ አይጠፋም፤ አንድ ፍሬ፣ አንድ ፍሬ እያደረገች ትቆረጥማለች፤ ለብቻዋ ታወራለች። ዛፏ ዙሪያ ሣር መብቀል አቆመ። ሙዘይን ወፍጮ ላይ ሃያ ዓመት አብሮኝ የኖረ ነገረኛ ሰው ነው፤ አይቷት አይቷት፣ «ጋሼ፣ ይህቺ ልጅ እኮ እንደ አውድማ በሬ ትዞራለች። ምርቱ ግን አይታይም» አለ። ሰምታዋለች። «ገለባው ብዙ ነው ሙዘይን፣ ፍሬው በኋላ ነው» አለችና ዙሯን ቀጠለች።

አንድ አመል ነበራት። ዕቃ ባየች ቁጥር በጣቷ ሁለቴ መታ መታ ታደርግና «ይሄ የማነው?» ትላለች። አንድ ቀን ግድግዳ ላይ የተደገፈውን ዶማ መታ መታ አደረገች።

«ይሄ የማነው?»

«የቤቱ ነው» አልኳት።

«የቤቱ የሚባል የለም። ወይ የአንድ ሰው ነው፣ ወይ የሁሉም ነው። የትኛው ነው?»

«እሺ፣ የሁሉም ነው።»

«ታዲያ ትናንት ሙዘይን ሲወስደው ለምን ጮኹበት?»

ሙዘይን ከውስጥ ሲስቅ ይሰማኛል። መልስ ሳጣ ደግሞ እቆጣለሁ፤ አመሌ ነው። «ሂጂ ሥራሽን ሥሪ!» አልኳት።

ሥራዋ ምን እንደሆነ ሰፈሩ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። አንዱ ፊልም ነው የምትሠራው ይላል፣ አንዱ ፈረንጅ ታስተምራለች ይላል። እኔ ሰልችቶኝ ፊት ለፊት ጠየቅኳት።

«ኮምፒውተር ውስጥ ከሁሉም በታች ሆኖ ሌላውን ሁሉ የሚያሠራ ጽሑፍ አለ። ከርነል ይሉታል። እሱን ነው የማነበው» አለችኝ።

«ማንበብ ደግሞ ሥራ ነው?»

«ስሕተቱን እስካገኝ ነዋ የማነበው።»

አልገባኝም አልኳት። ያን ጊዜ እጄን ይዛ ወፍጮዎቹ ፊት አቆመችኝ። ሦስት ወፍጮ አለኝ። አንዱ ለጤፍ፣ አንዱ ለገብስ፣ አንዱ ለበርበሬና ለሚጥሚጣ።

«ኮምፒውተሩም እንደዚህ ነው» አለች። «ፕሮሰሰር የሚባሉ ወፍጮዎች አሉት፤ አራትም ስምንትም ይሆናሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይፈጫሉ። አሁን ሁሉም በአንድ የዱቄት ማፈሻ ይሥሩ ቢባሉ ምን ይሆናል?»

«ወረፋ ይጠብቃሉ። ሥራ ይቆማል።»

«ስለዚህ ለእያንዳንዱ የየራሱ ማፈሻ ይሰጠዋል። ችግሩ ምን መሰለዎት? ስምንቱም ማፈሻ ስማቸው አንድ ነው። ጽሑፉ ላይ ‹ማፈሻ› ተብሎ ብቻ ነው የሚጻፈው። የሚያነበው ሰው የጋራ የሆነ አንድ ማፈሻ ያለ ይመስለዋል። ማን ከማን እንደሚለይ ስሙ አይናገርም።»

«ታዲያ አንቺ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ስሙ ላይ ምልክት እጨምራለሁ። ገና ሲነበብ ‹እኔ የየራስ ነኝ፣ የጋራ አይደለሁም› እንዲል።»

ሳቅኩ። ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት። «መምህሩ ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማረሽ ለማፈሻ ስም እንድታወጪ ነው?»

እሷ አልሳቀችም። ማፈሻዎቼን ታያለች። ሦስቱንም ከቢጫ ጀሪካን የቆረጥኳቸው እኔ ነኝ፤ አንዱ ከሌላው አይለይም። መታ መታ አደረገቻቸው።

«እነዚህስ የማን የማን ናቸው?»

«ይሄ የጤፉ፣ ይሄ የገብሱ፣ ያኛው የበርበሬው።»

«በምን አወቁ?»

«አውቃለሁ! ከስንት ዓመት በኋላ ማፈሻዬን ልሳት?»

«ይጻፉባቸው ጋሽ ሸምሱ።»

«የሚያውቅ ያውቀዋል።»

«የሚያውቅም ይደክመዋል» አለችኝ። «የተጻፈ ስም ግን አይደክመውም።»

እምቢ አልኩ። በዕድሜዬ የልጅ ምክር ሰምቼ ወፍጮ ቤቴን ላስተካክል? አልሆነም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ፊቷ ተለወጠ። ቆሎዋን ሳትቆረጥም መዳፏ ላይ ይዛ ትዞራለች። «ምነው ልጄ?» ብላት ቁጭ ብላ እንኳን አልነገረችኝም፤ እየዞረች ነው የነገረችኝ። የሚያሠሯት ሰዎች ብዙ ኮምፒውተሮች አሏቸው። በሳምንት በአሥር ቀን አንዱ ድንገት ደርቆ ይቆማል። ለምን እንደሚቆም የሚያውቅ የለም። ፈልጊው ተብላ ለእሷ ተሰጥቷታል። አለቃዋ ግን ታክቶታል። በሩቅ ሆኖ መሥራት ሥራውን አዘገየው ብሎ፣ ከመስቀል በፊት ካላገኘችው አዲስ አበባ ቢሮ እየገባች እንድትሠራ፣ አለዚያም ሥራውን እንድትተው ቁርጡን ነግሯታል።

«እናትሽን ይዘሻት ሂጃ!»

«ጠየቅኳት። ‹ባሌ ከተቀበረበት ከተማ አስከሬኔም አይወጣም› አለችኝ። ያውቋታል።»

አውቃቸዋለሁ። እትዬ አስካለ እንደ እኔ ናቸው፤ አይበገሩም።

«ሥራሽን ብትተዪስ?»

«መድኃኒቷን በምን እገዛለሁ? ካላገኘሁት አንዱን ማጣቴ ነው፤ ወይ ሥራዬን፣ ወይ እናቴን።»

ከዚያ ወዲያ አቮካዶዋን ስትዞር ሳያት እኔም አብሬ የምዞር ይመስለኝ ጀመር። ማለዳ መጥታ ስትገባ ፊቷን አያለሁ። አላገኘችም። ማታ ስትወጣ አያለሁ። አላገኘችም። «ሁሉንም አየሁ» ትለኛለች። «እያንዳንዱ በራሱ ማፈሻ በትክክል ይሠራል። አንድም የሚሳሳት የለም። ታዲያ ማን ነው የሚያበላሸው?» እኔን ነው የምትጠይቀኝ! እኔ ምን አውቄ!

መስቀል ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወፍጮ ቤቱ ምን እንደሚመስል የእኛን አገር የሚያውቅ ያውቀዋል። አዲስ አበባ ያለው ሁሉ ሊገባ ነው። ክትፎ አለ፣ ስለዚህ ሚጥሚጣ አለ። በርበሬ ወፍጮው ከጠዋት እስከ ማታ አይበርድም። ሙዘይን ፊቱን በሻሽ ጠምጥሞ ሚጥሚጣ ላይ ነው። የገብሱ ሰልፍ ደግሞ መንገድ ድረስ ወጣ። ጎረቤቴ ዘይነባ ልጇ ከወለደች አምስተኛ ቀኗ ነው፤ ለአጥሚት የሚሆን ገብስ ይዛ ቆማ ትጮሃለች። «ሸምሱ! የወላድ ነው! እስከ ማታ ልታቆመኝ ነው?»

እኔ መሀል ቆሜ፣ «ሙዘይን! ሚጥሚጣውን ተወውና ወደ ገብሱ ና!» አልኩ።

መጣ። ዱቄቷን ዝቆ ሞላላት። ሄደች።

በነጋታው ረፋድ ላይ ዘይነባ ያንኑ ዱቄት በሳፋ ይዛ መጣች። ሰው በሞላበት ነው የጮኸችው።

«ሸምሱ! ወላድ ልትገድል ነው? ልጄ አንድ ጉንጭ ጠጥታ እሳት ዋጠች! እንባዋ እስካሁን ይወርዳል!»

«ሕፃኑስ?»

«ሕፃኑ አልሐምዱሊላህ ደህና ነው። አንተ ግን ምን ሆነሃል? እርጅና ነው?»

ዱቄቱን ቀመስኩት። ምላሴ ተቃጠለ። ሰው ያየኛል። እፍረቴን የት ላድርሰው? ሙዘይን ላይ ዞርኩ።

«የትኛውን ማፈሻ ነው የያዝከው?»

«በእጄ የነበረውን።»

«ለምን አልቀየርክም?»

«ጋሼ፣ ና አልከኝ፣ መጣሁ። ማፈሻ ቀይር አላልከኝም። እዚያ ስጀምር እኮ ማፈሻው ትክክል ነበር። እዚህ ስደርስ ነው የተሳሳተው!»

ሰው ሳቀ። እኔ ደሜ ፈላ። ልሰድበው አፌን ስከፍት ከበሩ በኩል «ምን አልክ?» የሚል ድምፅ መጣ። ሰናይት ናት። መዳፏ ላይ የነበረው ቆሎ መሬት ላይ ተበትኗል።

«ሙዘይን፣ ያልከውን ድገመው።»

«እዚያ ስጀምር ትክክል ነበር፣ እዚህ…»

«የተዛወረው ሠራተኛው ነው!» ብላ ጮኸች። «ወፍጮዎቹን ነው ስመረምር የከረምኩት! የተዛወረው እኮ ሠራተኛው ነው!»

ሮጠች። በሩን ከኋላዋ ጓ አደረገችው። ዘይነባ ሳፋዋን እንደታቀፈች፣ «ይቺ ደግሞ ምን አስደሰታት? የእኔ ልጅ መቃጠል?» አለች። ለዘይነባ ገብሱን በአዲስ አስፈጨሁላት፤ ራሴ ቤቷ ድረስ ተሸክሜ ሄጄ ወላዷን ይቅርታ ጠየቅኩ።

ያን ቀንና በማግስቱ ሰናይት አቮካዶዋን አልዞረችም። በሦስተኛው ቀን ወጥታ ነገረችኝ። ኮምፒውተሩ ውስጥም አንድ ሥራ በአንዱ ወፍጮ ይጀምራል፤ የዚያን ወፍጮ ማፈሻ ያነሳል። መሀል ላይ «ና፣ ወደዚያኛው ሂድ» ይባላል። ይሄዳል፤ የፊተኛውን ማፈሻ በእጁ እንደያዘ። ያኔ የፊተኛው ወፍጮ በሌላ ሠራተኛ በዚያው ማፈሻ ይሠራል፤ ሁለት እጅ አንድ ማፈሻ ላይ ይገባል። ብዙ ጊዜ ሳይገጣጠም ያልፋል። የተገጣጠመ ዕለት ማሽኑ ይደርቃል። ጽሑፉን የጻፈው ሰው ስሙን ሲያይ የየራስ መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ «መጀመሪያ ማፈሻውን አስቀምጥ» ብሎ ይጽፍ ነበር። ስሙ አልነገረውም።

«ተገላገልኩ በይኛ!» አልኳት።

«ገና ነኝ» አለች።

ማስተካከያውን ላከች። ከማስተካከያው ጋር ደግሞ የስሞቹን ለውጥ አብራ ላከች። አለቃዋ መለሰ፦ ማስተካከያው ግሩም ነው፣ እንቀበለዋለን፤ የስሞቹን ነገር ግን አውጪው፣ ብዙ ቦታ ይነካል፣ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ይህን ስትነግረኝ ዓይን ዓይኔን እያየች ነው። የእኔው ቃል!

«እና?»

«እምቢ አልኩ። ስሙ ካልተለወጠ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው ያንኑ ይሳሳታል። ሁለቱን አልለያይም፤ ሁለቱንም ተቀበሉ ወይም ሁለቱንም ተዉ አልኳቸው።»

«አንቺ ልጅ አብደሻል?» አልኳት። «ስሕተቱን አግኝተሽላቸዋል። ያሉሽን እሺ በይና እናትሽ ጋ ተቀመጪ። ለአንድ ስም ብለሽ እናትሽን ልትተዪ ነው?»

«እርስዎስ ጽፈውባቸዋል?»

«ምኑን?»

«ማፈሻዎቹን።»

አልጻፍኩም ነበር። ወላድ አቃጥዬ፣ ሰው ፊት ተዋርጄ፣ ማፈሻዎቹ ባዶ እንደሆኑ ነበሩ። ለምን? አላውቅም። እልህ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም።

«ይኸው» አለች። «እርስዎ የወላድ እንባ አይተው ካልጻፉ፣ ሩቅ ያለ ሰው ምንም ሳያይ እንዴት ይጻፍ?» ብላ ትታኝ ሄደች። አባቷም እንዲህ ነበር፤ አይመታም፤ ተናግሮ ይሄዳል፤ እናንተ ስትንገበገቡ ትቀራላችሁ።

ምሳዬን መብላት አቃተኝ። ተነሳሁ። ምስማር እሳት ውስጥ ከተትኩ። ቀለም ይለቃል፣ የጋለ ምስማር ግን አይለቅም። ጀሪካኑ እየሸተተ እየጨሰ በአንዱ ላይ «ጤ»፣ በአንዱ ላይ «ገ»፣ በአንዱ ላይ «በ» ብዬ ጻፍኩ። የ«በ» አንዱ እግር ተንጋደደ። መምህሩ ቢኖር ይስቅብኝ ነበር። ግድግዳው ላይም ከየወፍጮው አጠገብ ምስማር መትቼ ሰቀልኳቸው። ከዚያ በሯን አንኳኳሁ።

«ነይ እዪ» አልኳት።

አየች። እንደ አመሏ ሁለቴ ሁለቴ መታ መታ አደረገቻቸው። ይሄ የማነው ብላ ግን አልጠየቀችም። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳች።

«ምን ልታደርጊው ነው?»

«ለአለቃዬ ልልከው። ‹ሠላሳ ዓመት የሚያውቅ ሰው ተሳሳተ፤ ዛሬ ጻፈበት› እለዋለሁ።»

«ስሜን እንዳትጠሪ!»

«አልጠራም» አለች። ያን ቀን ሳቀች።

መልስ ቆየ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። ከተማው በእንግዳ ሞልቷል፤ እሷ ትዞራለች፤ እኔም የወፍጮውን በር እዞራለሁ። ሙዘይን፣ «ሁለት በሬ ሆናችሁ፣ ቀንበር ላምጣላችሁ?» ይለናል። የሚስቅለት አጣ። ደመራው ሊለኮስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ወፍጮዎቹ ሦስቱም እየጮሁ፣ ወደ ውስጥ ገባች። በዚያ ጩኸት መሀል የምትለውን አልሰማሁም። ጆሮዬን ብጠጋ፣ «ተቀበሉት» አለች። «ስሞቹንም። በዚያ የጽሑፉ ክፍል ያሉትን በሙሉ፣ ወደፊት የሚጻፈውንም።»

ከዚያ ያደረገችውን ነው የማልረሳው። የገብስ ማዳበሪያ ላይ ተቀመጠች። ያቺ ልጅ ተቀመጠች! ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች፣ ግድግዳው እየተንቀጠቀጠ፣ ዱቄት ጸጉሯ ላይ እየረገፈ፣ እንቅልፍ ወሰዳት። ሙዘይን ወፍጮውን ሊያጠፋ እጁን ሲዘረጋ ያዝኩት። «ተው፣ ዝም ሲል ትነቃለች» አልኩት።

እትዬ አስካለ ከዚያ በኋላ ሁለት መስቀል አይተው፣ በቤታቸው፣ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ አረፉ። ባላቸው አጠገብ ቀበርናቸው። ሰናይት ከአርባው በኋላ ሻንጣዋን ያዘች። የክፍሉን ቁልፍ ስትመልስልኝ በክር የታሰረ ቁራጭ ካርቶን ተንጠልጥሎበታል፤ «የኋላው ክፍል» ይላል።

«አንድ ቁልፍ ነው ያለኝ ልጄ» አልኳት። «የምን ቁልፍ እንደሆነ አላውቅም?»

«ለእርስዎ አይደለም» አለች። «እርስዎ ለሌሉበት ቀን ነው።»

አንዳንዴ ትደውልልኝ ነበር። በመጨረሻ የደወለች ጊዜ ድምፅዋ ቀጥኗል። «ምነው?» ብላት «ደክሞኛል ጋሽ ሸምሱ» አለች። «አረፍ በያ!» አልኳት። ሕመም ነው አላለችኝም፤ እኔም አልገባኝም። ቀብሯ ሳልደርስ ቀረሁ።

ዜናውን በሰማሁ በአራተኛው ቀን ሙዘይን ወልቂጤ ዘመድ ታሞበት ሄደ። እኔ ውጭ፣ እንደ ሰሞኑ፣ ከበር በር እላለሁ። ውስጥ ፈትያ ብቻ ናት። ከጉንችሬ የመጣች፣ ልጆቿን ያደረሰች ሴት ናት፤ ሥራ ከጀመረች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው። ሰናይትን አታውቃት። እኔንም ገና አታውቀኝም። በርበሬ ስትፈጭ ቆይታ የገብስ ደንበኛ መጣባት። ማፈሻዋን እንደያዘች ወደ ገብሱ ተራመደች።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ።

መሀል ላይ ቆመች። እጇ ላይ ያለውን ገልብጣ አየችው። ተመለሰች፣ ቦታው ሰቀለችው፣ ሌላኛውን አወረደች።

«ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«ምኑን አባባ?»

«ማፈሻውን ቀይሪ ብሎ።»

ግራ ገባት። «ማንም» አለች። «ተጽፎበታል እኮ።»